ግራጫው ብስክሌትና የቢጫ ሐይቅ ቁልቁለት

ፔንቲክተን፣ ሜይ 8 ቀን 1994

ለተከበርሽው ዘመዴ ለእትዬ ቬርና፣

የሰማዩ አባት ሰላሙን ከቤትሽ አያርቅ። አንቺ፣ ኮሊን፣ በጎቻችሁም ጭምር እንዴት ናችሁ? እዚያ ኒውዚላንድ አሁን ብርዱ እየገባ ነው፤ እዚህ እኛ ጋ ደግሞ የኮኩ አበባ ረግፎ ፍሬው የጣት ጫፍ አክሏል። እኔና ሮይ ደህና ነን። ወገቡ ብቻ እንደ ዱሮው ነው፤ ሲጠይቁት ግን "ደህና ነኝ" ብሎ ወደ ዛፎቹ ይሄዳል። እናቴ ካረፈች ወዲህ፣ ያንቺ አያትና የእኔ አያት ወንድምና እህት ነበሩ ብሎ የሚያስታውስ ከእኔና ካንቺ በቀር ማን ቀረ? ስለዚህ እግዜር ያቆይሽ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልግባ፤ ተቀምጠሽ አንብቢው። በኦገስት መጨረሻ በከተማችን በሚደረገው ትልቁ ትራያትሎን ተመዝግቤያለሁ፤ ዋናውም፣ ብስክሌቱም፣ ሩጫውም ባንድ ቀን። እኔ፣ ዊልማ፣ ሃምሳ ዓመት የሞላኝ፣ የፍራፍሬ ማሸጊያ ቤት ሠራተኛ። እንዴት ብትይኝ፣ በጋ በመጣ ቁጥር መንገድ ዳር ቆሜ ለተወዳዳሪዎች ውሃ ሳቀብል ነው የኖርኩት። ባለፈው ዓመት ውድድሩ ባለቀ ማግስት፣ እንደ ልማዳችን፣ ለቀጣዩ ዓመት የሚመዘገቡት በጠዋት ተሰለፉ፤ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው እንደ ዳክዬ እየተወላገዱ። እኔ የሄድኩት ዶናት ላድላቸው ነበር። ማሸጊያ ቤት ከጎኔ የምትቆመው ፖሊን፣ "አንቺ ሴትዮ፣ መሀል ገብተሽ ከምታወሪ ወይ ተሰለፊ ወይ ውጪልን" አለችኝ። ተሰለፍኩ። ከኋላዬ ካለው ሰውዬ ጋር ሳወራ ሳወራ ጠረጴዛው ጋ ደረስኩ። ልጅቷ "ስም?" አለች። ነገርኳት። በቃ፣ ይኸው ነው።

ዋናው አያሳስበኝም፤ ሐይቁ ውስጥ ነው ያደግኩት። ሩጫውንም ካቃተኝ እየተራመድኩ እጨርሰዋለሁ። የሚያስፈራኝ ብስክሌቱ ነው። ብስክሌቱም አይደለም፤ መጨረሻ ላይ ከቢጫ ሐይቅ ወደ ከተማ የሚወርደው ቁልቁለት ነው። ባለፈው ዓመት ውሃ የማድለው እዚያው እግርጌ ነበር። አንድ ሰው ከላይ ሲመጣ አየሁት፤ ከዚያ ደግሞ አላየሁትም። አምቡላንሱ ከሄደ በኋላ አንድ ጫማው ሳሩ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ተረፈ አሉ፣ ግን ያ ጫማ እስካሁን በዓይኔ ይመጣል። ልጅ ሆኜ የነበረኝ ብስክሌት ፔዳሉን ወደ ኋላ ሲረግጡት የሚቆመው ዓይነት ነው፤ በእጅ ፍሬን ይዤ አላውቅም። ክረምቱን የተለማመድኩትም ቤት ውስጥ፣ ከቦታው በማይነቃነቅ ብስክሌት ላይ ነው። እሱ ደግሞ ቁልቁለት የለውም።

የብስክሌት ነጋዴው የግሌን ስታድኒክ ሱቅ ውስጥ ሁለት አሉ፤ ሁለቱም የትራያትሎን። ዋጋቸው አንድ፣ ክብደታቸው አንድ፣ ማርሻቸው አንድ። ቀዩ እንደማንኛውም ብስክሌት ትልልቅ ጎማ አለው። ግራጫው ለአጫጭር ሰዎች ተብሎ ጎማው ትንሽ ተደርጓል። ቀዩ ያምራል፣ እትዬ ቬርና፣ የልደት ኬክ ነው የሚመስለው። ግራጫውን ፖሊን ስታየው "ሰርከስ ልትገቢ ነው?" አለችኝ። ግሌን ደግሞ መንገድ ላይ ጎማ ቢፈነዳብኝ የሚረዱኝ ሰዎች የትልቁን ጎማ መለዋወጫ እንጂ የትንሹን እንደማይዙ ነግሮኛል። አንቺ ስትወዳደሪ ኖረሻል። የትኛውን ልግዛ? ቁልቁለቱንስ ምን ላድርገው? ለምን እንዳቆምሽም አንድም ቀን አልነገርሽኝም።

በጸሎትሽ አስቢኝ። የምትወድሽ፣
ዊልማ

ቲማሩ፣ ሜይ 21 ቀን 1994

ለውድ ዘመዴ ለዊልማ፣

ጸጋው ካንቺና ከሮይ ጋር ይሁን። እኛ ደህና ነን። በጎቹ ወደ ታችኛው ሜዳ ወርደዋል። ኮሊን ሰላም ይልሻል።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ትንሽ ቀን አስቀመጥኩት። "ተዪው" ልልሽ ነበር፤ ግን ቃሌን እንደማትሰሚ አውቃለሁ። እናትሽም እንደዚሁ ነበረች።

ለምን እንዳቆምኩ አትጠይቂኝ።

ስለ ብስክሌቶቹ፦ ቀለሙን እርሺው። እንደምታውቂው እነዚህ ብስክሌቶች ላይ ሰው በክንዱ ተደግፎ፣ ወደ ፊት ተኝቶ ነው የሚነዳው። ማርሹ ከጣቶችሽ ሥር ነው። ፍሬኑ ግን እዚያ የለም፤ ከዳርና ከዳር፣ በሰፊው መሪ ላይ ነው። የፈራ ሰው የያዘውን አጥብቆ ይይዛል እንጂ እጁን አያነሳም፤ አዲስ ሰው ሁሉ የሚወድቀው በዚህ ነው። ስለዚህ ባለሱቁ ሁለቱንም በየተራ በማይነቃነቅ ማቆሚያ ላይ ይሰርልሽ። ተኚበት፣ ዓይንሽን ጨፍነሽ ንጂ። ሳታስቢው ሰው እንደ ውሻ ይጩህብሽ። እጅሽ ሳይፈልግ ፍሬኑን ያገኘበትን ግዢ። ጎማው ትንሽ ሆነ ትልቅ ለውጥ የለውም። መለዋወጫውን ራስሽ ትይዣለሽ።

ስለ ቁልቁለቱ፦ ሁለቱን ፍሬኖች እኩል አትመኛቸው። የፊተኛው ጎማ ድንገት ከተያዘ ብስክሌቱ ይቆማል፣ አንቺ ግን ትቀጥያለሽ። የኋለኛው ይታገስሻል። ስለዚህ በግራ እጅሽ ብቻ ተጠቀሚ፤ ቀኝሽን እርሺው። ጨመቅ፣ ለቀቅ፣ ጨመቅ፣ ለቀቅ። በጣም ከፈራሽ ግራውን አጥብቀሽ ያዢ። ምንም አትሆኚም።

የምትወጪበትን ቀን አስቀድመሽ ጻፊልኝ። አምላክ እግርሽንም እጅሽንም ይጠብቅ።

ቬርና

ፔንቲክተን፣ ጁን 14 ቀን 1994

ለእትዬ ቬርና፣ ለእኔ መካሪ፣

የእኔን ልብ እንዳረሰረስሽው ደጉ አምላክ ያንቺን ልብ ያረስርስልሽ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ለሮይም አነበብኩለት፣ ለፖሊንም ምሳ ሰዓት ላይ አነበብኩላት። ማሸጊያ ቤት ያለው ሰው ሁሉ አሁን ያውቅሻል።

የውሻውን ነገር አደረግነው። ግሌን መጀመሪያ ቀዩን ከማቆሚያው ላይ አሰረልኝ። ጭራሮ የመሰለ ረጅም ሰው ነው፤ ከጉልበቴ ላይ በክር የታሰረች ቱንቢ እያንጠለጠለ ይለካል፣ ከዚያ መቀመጫውን የጥፍር ያህል ከፍ ያደርጋል፣ ከዚያ መልሶ ይለካል። "አሁን ዓይኔን እጨፍናለሁ፤ አንተ እንደ ውሻ ጩህ" አልኩት።

"ወይዘሮ ዊልማ፣ ደንበኛ አለ" አለኝ።

"ደንበኛውም ይጩህ።"

የጮኸችው አብራኝ የመጣችው ፖሊን ናት። እንደዚህ ዓይነት ውሻ አገራችን ውስጥ የለም፤ ደንበኛው ወጥቶ ሄደ። ቀዩ ላይ እጄ ያየር ላይ ዝንብ ነው የያዘው። መሪው ሩቅ ነው፤ ፍሬኑን ፍለጋ ጣቶቼ ሲርመሰመሱ ግሌን ሰከንዱን ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ። ግራጫው ላይ ግን፣ እትዬ ቬርና፣ ፖሊን ገና አፏን ስትከፍት እጄ ደርሷል። ሦስት ጊዜ ሞከርነው። ሦስቴም ደረሰ። "በይ እንግዲህ፣ ሰርከስሽ ይቅናሽ" አለችኝ።

አሁንም ግን ቀዩን እያየሁ ነው። ሰው ሁሉ የሚቆመው ቀዩ ጋ ነው። ግሌን "መንገድ ላይ ሁለቱንም ሳትሞክሪ አልሸጥልሽም" ብሏል። የሱቁ ልማድ እንዲህ ነው፤ የመኪናሽን ቁልፍ በመያዣነት ትተሽ ብስክሌቱን ለግማሽ ቀን ትወስጃለሽ።

ስለ ፍሬኑም ሊነግረኝ ጀምሮ ነበር። "ወይዘሮ ዊልማ፣ ይኸኛው እጀታ..." ሲል አቋረጥኩት። "እሱን ተወው፣ ግሌን፣ ዘመዴ ሁሉንም ጽፋልኛለች፤ አንተ ስትወለድ ትወዳደር ነበር" አልኩት። ሳቀና ተወው። እንዳልረሳ ደግሞ የግራ እጄን ጥፍሮች በሙሉ ቀይ ቀብቻቸዋለሁ። የቀኙ ባዶ ነው። ሮይ አየና "ቀለሙ አለቀ?" አለኝ። ቀይ ጥፍር ማለት ጨመቅ፣ ለቀቅ። ቀይ ጥፍር ማለት ምንም አልሆንም።

ቀኑን ንገሪኝ ብለሽኛል፤ ቅዳሜ ጁን 25 ነው፣ ከምሳ በኋላ። ፖሊን ወደ እህቷ ስትሄድ እኔንና ግራጫውን ከቁልቁለቱ አናት ላይ ታወርደንና ትቀጥላለች። ከዚያ መመለሻ የለም፤ መውረድ ብቻ ነው። እውነቱን ልንገርሽ? ቀን ሳወራ እውልና ስተኛ ያ ጫማ ይመጣል። ግን ያንቺ ወረቀት ኪሴ ውስጥ ነው።

በክንፉ ሥር ያኑርሽ፣
ዊልማሽ

ቲማሩ፣ ጁን 26 ቀን 1994፣ እሑድ ጠዋት

ዊልማ፣

ሰላምታውን ይቅር በይኝ። ደብዳቤሽ የመጣው ትላንት ነው፤ አንዲት በግ ታማብን ስለነበር የከፈትኩት አሁን፣ ከቁርስ በኋላ ነው። ጥፍርሽ ጋ ስደርስ ሳቅሁ። ከዚያ ግሌንን ያቋረጥሽበትን መልሼ አነበብኩት። ስነሳ ወንበሩ ወደቀ።

ተሳስቻለሁ። እዚህ አገር ብስክሌት ሲገጣጠም የግራው ፍሬን ከኋለኛው ጎማ ጋር ነው የሚታሰረው። እናንተ ጋ ተገላቢጦሽ ነው። እናንተ ጋ የግራው የፊተኛውን ነው የሚይዘው። አጥብቀሽ ያዢው ያልኩሽ ያንን የሚጥለውን ነው።

እኔ እኮ እዚያው ነው የተወለድኩት። እዚህ ስመጣ እጄ የሚያውቀው የእናንተን ነበር። በመጀመሪያው ዓመት ተሳስቼ በመሪው ላይ ተወርውሬ ትከሻዬን ሰበርኩ። ከዚያ እጄን እንደ ሕፃን ልጅ ከመጀመሪያው አስተማርኩት፤ በጣም አስተማርኩትና የቀድሞው ጨርሶ ጠፋ። ላንቺ ስጽፍ ትዝ እንኳ አላለኝም።

እናንተ ጋ አሁን ቅዳሜ ነው፤ ከምሳ በኋላ። ደወልኩ። ሮይ አነሳ።

"ዊልማ የት ናት?"

"ፖሊን ይዛት ሄደች።"

"መቼ?"

"ቆዩ። ማን ልበል?"

"ሮይ፣ ግራውን እንዳትነካ። ግራው የፊተኛው ነው። የጻፍኩላት ስህተት ነው።"

ስልኩ ጠረጴዛ ላይ ሲወድቅ ሰማሁ፣ ከዚያ በሩን፣ ከዚያ የጭነት መኪናውን። ስልኩን ሳይዘጋ ነው የሄደው። እኔም አልዘጋሁም። ይህን የምጽፍልሽ በጆሮዬና በትከሻዬ መሀል ይዤው ነው። ሌላ ምን እንደማደርግ አላውቅም።

ማድ ቤትሽ ይሰማኛል። ማቀዝቀዣው ያጉረመርማል፣ ዝም ይላል፣ እንደገና ያጉረመርማል። ሬዲዮ ተከፍቷል፤ ሰውዬው ስለ ኳስ ጨዋታ ያወራል፣ ሰዎች ያጨበጭባሉ። እንደዚህ ቀርቤሽ አላውቅም፤ የዕቃ ማጠቢያው ቧንቧሽ እንደሚያንጠባጥብ እንኳ አወቅሁ። ኮሊን "ዝጊውና ሆስፒታሉ ጋ ደውዪ" ይለኛል። ሆስፒታል ደውዬ ስምሽን ልጠራ? አልችልም። ቢያውቁሽስ?

አሁን አናቱ ላይ ቆመሽ ይሆናል። ጥፍርሽን እያየሽ።

ሰው ገባ። ሮይ አይደለም፤ አረማመዱ ቀላል ነው። "ሮይ? መሰላልህን አምጥቻለሁ" ይላል። ሄሎ፣ ሄሎ እያልኩ ጮህኩ፤ ኮሊንም አብሮኝ ጮኸ። ሰውዬው "ይኸውና፣ ስልኩን ከፍቶት ሄዷል" አለ ለራሱ። ዘጋው። ዊልማ፣ ዘጋው።

መልሼ ደወልኩ። ይጠራል። ይጠራል።

በኋላ። ደወልሽ። "አለሁ" አልሽኝ፤ ሌላውን አልሰማሁሽም፤ አፍሽ የተሞላ ይመስል ነበር፣ እኔም አለቀስኩ። ወረቀቱን ልቀደው ነበር፤ ግን ያደረግሁሽን በጽሑፍ እንድትይዢው ላኩት።

ቬርና

ፔንቲክተን፣ ጁላይ 9 ቀን 1994

ለእትዬ ቬርና፣

ሰላሙ ይብዛልሽ። በሕይወት አለሁ፤ እጄም እግሬም ሙሉ ነው። ቶሎ ያልጻፍኩልሽ ከንፈሬ አብጦ ስለነበር ነው ልልሽ አልኩና፣ ሰው የሚጽፈው በእጁ ነው። ተናድጄ ነበር። አሁን እየበረደልኝ ነው፤ ስለዚህ እንደሆነው ልንገርሽ።

ፖሊን አናቱ ላይ አወረደችኝ። "ከኋላሽ እየነዳሁ ልከተልሽ?" አለችኝ። "ሂጂልኝ፣ ስታዪኝ ነው የምወድቀው" አልኳት። ሄደች። መኪናዋ ከዓይኔ ሲጠፋ ነፋሱ ብቻ ቀረ። መንገዱን ወደ ታች አየሁት። እግርጌው ቆሜ ውሃ ሳድል ወደ ላይ ነው የማየው፤ ከላይ ሲያዩት መንገድ አይመስልም፣ ምድር ያለቀች ነው የሚመስለው። ከሥሩ ፔዳል የሚነክስ ብረት ያለው ጫማዬ አስፋልቱ ላይ ይንቀጫቀጭ ጀመር።

መውረድ አቃተኝ። መቆምም አቃተኝ። እዚያው ደልዳላው ላይ ትንሽ ልሞክረው ብዬ በአንድ እግሬ እየገፋሁ ሄድኩ፤ ሕፃን ልጅ ይቀድመኝ ነበር። ከዚያ መንገዱ ወደ ታች ሊያዘነብል ሲል ፈራሁ። በጣም ከፈራሽ ግራውን አጥብቀሽ ያዢ ብለሽኛል። ያዝኩት።

የኋላው ጎማ ተነሳ። መቀመጫው ከኋላዬ ገፋኝ። አስፋልቱን በአፌ አገኘሁት። ከንፈሬ ተሰነጠቀ፣ የፊት ጥርሴ ተሸረፈ።

አሁን የሚያስፈራኝ ግን ይህ አይደለም። ስነሳ ያሰብኩት ስለ ራሴ ነው። "እትዬ ቬርና ልክ ናት፤ እኔ ነኝ ያልቻልኩበት፤ ጨመቅ ሳይሆን ሙጭጭ ነው ያደረግሁት" አልኩ። ደሜን በእጅጌዬ ጠርጌ እንደገና ወጣሁበት። ገብቶሻል? እንደገና ወጣሁበት፤ አሁን እስከ ታች ልወርድ፣ ግራዬን እንደ እንቁላል በስሱ ይዤ። ገና ልገፋ ስል ግንድ የጫነ ትልቅ መኪና አለፈኝ። ነፋሱ ከነብስክሌቴ ወደ ሳሩ ገፋኝ። ወረድኩ። ጫማዬን አወለቅሁ። በካልሲ፣ ብስክሌቱን እንደ ታመመ ጥጃ እየጎተትኩ በእግሬ መውረድ ጀመርኩ። ከመፍራቴ የተነሳ ነው የተረፍኩት።

ሮይ ሲመጣ አየሁት። እንዲያ ሲነዳ አይቼው አላውቅም። እጄን አውለበለብኩለት፤ አለፈኝ። የሚፈልገው የወደቀ ሰው ነው፤ የገደሉን ዳር ዳሩን እያየ ነበር። አናቱ ጋ ደርሶ ሲመለስ አገኘኝ። መስኮቱን አውርዶ "ግራውን እንዳትነኪ" አለኝ። ፊቱ እንደ ወረቀት ነበር።

"አሁን ነው የምትነግረኝ?" አልኩት በዚያ አፌ።

ከመኪናው ወርዶ መንገዱ ዳር ተቀመጠ። በኋላ ግራጫውን ለግሌን ሊመልስ ጫነው።

አሁን ሁለቱንም ብስክሌቶች ልተዋቸው ይሆናል። አላውቅም። ከመወሰኔ በፊት አንድ ነገር መልሺልኝ፤ ለምን አቆምሽ? ዕዳ አለብሽና አትደብቂኝ።

ዊልማ

ቲማሩ፣ ጁላይ 19 ቀን 1994

ለዊልማዬ፣

አምላክ ስለጠበቀሽ ስሙ ይመስገን።

ስለፈራሁ ነው ያቆምኩት። ሌላ ምክንያት የለም። ከስብራቱ በኋላ ብዙ ዓመት ነዳሁ፣ አሸነፍኩም። አንድ ቀን፣ ምንም ባልሆነበት ቀን፣ ቁልቁለት አናት ላይ ቆሜ እጄ አልላቀቅ አለኝ። ወርጄ ብስክሌቱን እየገፋሁ ቤቴ ገባሁ። የበግ ጠጉር የምንሸልትበት ቤት ውስጥ ሰቀልኩት። ሰው ሲጠይቀኝ "ጉልበቴ ነው" እል ነበር። ኮሊንም እስካለፈው እሑድ ድረስ ጉልበቴ ይመስለው ነበር።

ከእንግዲህ አልመክርሽም። ግሌንን ስሚ። ወይም ተዪው፤ ብትተዪው ማንም አይስቅብሽም፣ እኔ ደግሞ እንቅልፍ ይወስደኛል።

ስለ ጥርስሽ ይቅርታሽን እለምናለሁ።

ቬርና

ፔንቲክተን፣ ኦገስት 1 ቀን 1994

ለእትዬ ቬርና፣ ለብቸኛዋ ዘመዴ፣

ልጆቹን ሲጠብቅ የማያንቀላፋው አንቺንም ደህና እንቅልፍ ያስተኛሽ፤ ቤቱን፣ ሜዳውን፣ ሰውየሽንም ይባርክ። ጥርሴ ተሞልቷል፤ ፖሊን "ከበፊቱ ይሻላል" ትላለች፣ አላመንኳትም።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ማግስት ወደ ግሌን ሄድኩ። ግራጫው ጥግ ላይ ቆሟል፤ መሪው ላይ የእኔ ጭረት አለበት። ሮይ ብስክሌቱን ሲመልስ ረስቶት የመጣውን ቁልፌን ልወስድና ልሰናበት ነበር የሄድኩት። ታሪኩን ከሥር መሠረቱ ነገርኩት። መፍቻውን አስቀምጦ ወለሉ ላይ ተቀመጠ።

"ጥፋቱ የእኔ ነው" አለ። "መናገር ጀምሬ መተው አልነበረብኝም።"

"አንተ ስትጀምር ማን አስጨረሰህ?" አልኩት።

"እሱስ እውነት ነው።"

ከዚያ ግራ እጄን አየ፤ ቀለሙ ግማሽ በግማሽ ተልጧል። "ይህ እጅ አሁን የሚያውቀው ምንድን ነው?" አለኝ።

"ሲፈራ ግራውን መያዝ ነው የሚያውቀው" አልኩት። "ሌሊት በሕልሜ እንኳ ግራውን ነው የምይዘው። አሁን ቀኙን ላስተምረው ብል ቁልቁለቱ ላይ የትኛውን እንደሚሰማ እንዴት አውቃለሁ?"

አሰበና "እጅሽን ከማስተማር ገመዱን ማዞር ይቀላል" አለ። "የፍሬኖቹን ገመድ ላለዋውጠው። ግራው የኋለኛውን ይይዛል፣ ዘመድሽ እንዳለችው። ከሻይ መጠጫ ሰዓት አይበልጥም።"

አብራኝ የመጣችው ፖሊን ጭንቅላቷን ያዘች። "አገሩ ሁሉ አንድ ዓይነት፣ የሷ ብቻ ሌላ? ሌላ ሰው ቢነዳውስ?"

"ሌላ ማን ይነዳዋል? እዚያ ትንሽ ጎማ ላይ አንቺ ትወጫለሽ?" አላት። ቢሆንም ከመቀመጫው ሥር ካርቶን አንጠለጠለበት፤ "ፍሬኑ እንደ ኒውዚላንድ ነው" ብሎ ጽፎ።

ቀዩን ለመጨረሻ ጊዜ አየሁት። አሁንም ያምራል። ግራጫውን ገዛሁ። በእኔ አገር፣ አንቺ እንደጻፍሽው የሚቆም ብስክሌት እሱ ብቻ ነው፤ እጄም ሳይፈልግ ያገኘው እሱን ነው።

ቅዳሜ ወጣን። በዚህ ጊዜ ሮይ ነው የወሰደኝ፤ ከኋላዬ የአደጋ መብራቱን እያበራ ሊከተለኝ። መጀመሪያ ደልዳላው ላይ፣ እሱ መቀመጫውን ይዞልኝ፣ ግራዬን አጥብቄ ያዝኩ። የኋላው ጎማ ተጎተተ፣ ቆመ። አንቺ ልክ ነበርሽ፤ ታገሰኝ። አሥር ጊዜ ሳስደግመው ሮይ "ዊልማ፣ ልትወርጂ ነው ወይስ እራት እዚሁ ላምጣልሽ?" አለኝ።

ወረድኩ። ደፋር ሆንኩ ብዬ አልዋሽሽም። ከላይ እስከ ታች ፈርቻለሁ። ነፋሱ እንባዬን ወደ ጆሮዬ ይወስደዋል፣ ከብስክሌቱ ሥር መንገዱ ይጮሃል፣ ያ ሰውዬ የወደቀበት ቦታ ጋ ስደርስ ዓይኔን ልጨፍን ምንም አልቀረኝም። ጨመቅ፣ ለቀቅ እያልኩ ጮክ ብዬ እናገር ነበር። ሮይ በመኪናው ድምፅ መሀል ሰምቶኛል። ታች ስደርስ ቆምኩ፣ ግን እጄ አልላቀቅ አለ። አንቺ የጻፍሽውን አሰብኩ፤ እጄ አልላቀቅ አለኝ ያልሽውን። ሮይ መጥቶ ጣቶቼን አንድ በአንድ ከፈታቸው። አንዱ ሲከፈት ሌላው ይዘጋል። "የዘመድሽንስ ጣት ማን ከፈተላት?" አለኝ።

እትዬ ቬርና፣ ከእንግዲህ አልመክርሽም ያልሽውን አልተቀበልኩም። ውድድሩ እሑድ ኦገስት 28 ነው፤ እናንተ ጋ ሰኞ ይሆናል። ቁልቁለቱ ላይ የምደርሰው ከሰዓት በኋላ ነው፤ እናንተ ጋ ጠዋት። ሮይ እግርጌው ካለው ቤት ተፈቅዶለት ስልካቸው አጠገብ ይቆማል፤ ሳልፍ እንዳየኝ ይደውልልሻል። ስልኩ ጋ ሁኚ።

እስከዚያ ፍሪልኝ። እኔም እየፈራሁ እወርዳለሁ።

ዊልማሽ